የኤልሳትን የመርህ ጥያቄዎች እንዴት እንሥራ?

የመርህ ጥያቄ ላይ ተደጋግሞ የሚሳሳትን ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያሰናክለው የእንግሊዝኛው ክብደት ሳይሆን በጥያቄው ላይ ዳኛ ሆኖ መቀመጡ ነው። ታሪኩን ያነባል፣ ማን እንደተበደለ ይመዝናል፣ ከዚያም ከአምስቱ ምርጫዎች ለኅሊናው የተስማማውን ያነሣል። እኔም ልምምድ በጀመርኩባቸው ሳምንታት እንዲሁ አደርግ ነበር። ሽምግልና እያየ ያደገ ሰው ሁለቱን ወገን የሚያስታርቅ ሐሳብ መፈለግ ልማዱ ነው፤ ይህ ፈተና ግን ዕርቅ አያውቅም። የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ የቀረበው መርህ የቀረበውን ውሳኔ መሸከም ይችላል ወይስ አይችልም?

ወደ ጥያቄዎቹ ከመግባታችን በፊት ስለ ፈተናው ጥቂት ልበል። ኤልሳት በአሜሪካና በካናዳ ወደ ሕግ ትምህርት ቤቶች ለመግባት የሚወሰድ ፈተና ሲሆን፣ ውጤቱ ከ120 እስከ 180 ባለው መለኪያ ይሰጣል። የሎጂክ ጨዋታ የሚባለው ክፍል ከኦገስት 2024 ፈተና ጀምሮ ስለቀረ፣ አሁን ውጤት ከሚያዝባቸው ሦስት ክፍሎች ሁለቱ የአመክንዮ ጥያቄዎች (የመርህ ጥያቄ የሚመጣው በእነዚህ ውስጥ ነው)፣ አንዱ ደግሞ የንባብ ነው። ውጤት የማይያዝበት አንድ የሙከራ ክፍልም ይጨመራል፤ ተፈታኙ ግን የትኛው እንደሆነ አይነገረውም። እያንዳንዱ ክፍል 35 ደቂቃ ይፈጃል፤ በአመክንዮ ክፍል ውስጥ 25 ያህል ጥያቄዎች ስለሚገኙ ለአንዱ የሚደርሰው ጊዜ 84 ሰከንድ ገደማ ነው። በነገራችን ላይ በኢትዮጵያ ሕግ በመጀመሪያ ዲግሪ ስለሚሰጥ፣ ከአገር ቤት የሕግ ዲግሪ ይዞ ለማስተርስ ወደ አሜሪካ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይህን ፈተና አይጠየቅም። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ሌላ ዲግሪ ጨርሶ፣ የሦስት ዓመቱን የአሜሪካ የሕግ ትምህርት ከመጀመሪያው ለመጀመር የሚያስበውን አንባቢ ነው።

ሦስቱ የነገሩ ክፍሎች

የአገራችንን የፍርድ ቤት ውሳኔ አንብቦ የሚያውቅ ሰው የነገሩ ፍሬ፣ የተጠቀሰው ድንጋጌና የተሰጠው ውሳኔ ለየብቻቸው እንደሚቀመጡ ያስተውላል። የመርህ ጥያቄም የተሠራው ከእነዚሁ ከሦስቱ ነው። ፍሬ ነገሩ የሆነውን ይነግረናል፤ መርሁ «እንዲህ ከሆነ እንዲህ ይገባል» የሚል አጠቃላይ ደንብ ነው፤ ውሳኔው ደግሞ ስለ አንድ ሰው ወይም ድርጊት የተሰጠው ፍርድ ነው። ጥያቄ አውጪው ከሦስቱ አንዱን ወይም ሁለቱን ይሸሽግና ፈልገን እንድናመጣ ያደርገናል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የትኛው እንደጎደለ ማወቅ ነው።

ይህን የሚነግረን የጥያቄው ዓረፍተ ነገር ስለሆነ፣ ታሪኩን ከመጀመራችን በፊት እርሱን ማንበቡ ይጠቅማል። በእንግሊዝኛው ውስጥ «ፕሪንሲፕል» ወይም «ፕሮፖዚሽን» የሚል ቃል ካየን የመርህ ጥያቄ መሆኑን እንጠረጥራለን። «ጀስቲፋይ» የሚለው ቃል አብሮት ካለ፣ ፍሬ ነገሩና ውሳኔው ከላይ ተሰጥተውናል፣ የጎደለው መርሁ ነው፤ መርሁም ከአምስቱ ምርጫዎች በአንዱ ውስጥ ተቀምጧል። መርሁ ራሱ ከላይ ተጽፎ ምርጫዎቹ ትንንሽ ታሪኮች ከሆኑ፣ የጎደለው ለመርሁ የሚገጥመው ፍሬ ነገርና ውሳኔ ነው። ከላይም ታሪክ፣ ከታችም ታሪክ ከሆነ ደግሞ መርሁ የትም አልተጻፈም፤ ከላይኛው ታሪክ አውጥተን ከታችኛው ጋር የምናስተያየው እኛው ነን።

በጥያቄው ውስጥ «ኢፍ ቫሊድ» የሚል ሐረግ ካጋጠመን መርሁን እንደ እውነት ተቀብለን እንድንነሣ ታዘናል ማለት ነው። መርሁ ትክክል ነው ወይ ብሎ መከራከር በዚህ ቦታ ጊዜን በከንቱ ማጥፋት ነው።

መርሁ ሲጎድል

ተደጋግሞ የሚመጣውና ብዙ ወጥመድ ያለበት ይህ ዓይነቱ ስለሆነ፣ አንድ ምሳሌ ዘርዝሬ ላሳይ። ምሳሌውን ያዘጋጀሁት ራሴ ነኝ፤ በፈተናው ላይ ዕቁብ አይመጣም፤ አሠራሩ ግን ያው ነው።

«አንድ የዕቁብ አባል በሦስተኛው ወር ዕጣው ወጥቶለት ገንዘቡን ወሰደ። በስድስተኛው ወር ከሥራ ተሰናብቶ ቀሪውን መዋጮ መክፈል አቃተው። ዋስ ሆኖ የፈረመለት ጓደኛው ቀሪውን ሊከፍል ይገባዋል፤ ሲፈርም የአባሉ ሥራ አስተማማኝ አለመሆኑን ያውቅ ነበርና።» ጥያቄው፦ ከሚከተሉት መርሆች ይህን ሐሳብ ይበልጥ የሚደግፈው የትኛው ነው?

ሀ. ዋስ የሆነ ሰው ዕዳውን ሊከፍል የሚገባው፣ ሲፈርም ስጋቱን ያውቅ ከነበረ ብቻ ነው።

ለ. ሥራው አስተማማኝ ያልሆነ ሰው ዕቁብ ሊገባ አይገባውም።

ሐ. ዋስ የሆነ ሰው ሲፈርም ስጋቱን ካላወቀ፣ ዕዳውን ሊከፍል አይገባውም።

መ. አንድ ሰው ስጋት መኖሩን እያወቀ ለሌላው ግዴታ ኃላፊ ከሆነ፣ ያ ሌላው ሰው ግዴታውን መወጣት ሲያቅተው እርሱ ሊወጣለት ይገባል።

ሠ. ዋስ የሆነ ሰው ባለዕዳው መክፈል ሲያቅተው ቢከፍልለት የሚመሰገን ነው።

ምርጫዎቹን ከመንካታችን በፊት ውሳኔውን በአጭሩ እንያዝ፤ «ዋሱ ሊከፍል ይገባዋል» ነው። ምክንያቱ ደግሞ «ሲፈርም ስጋቱን ያውቅ ነበር» የሚለው ነው። የምንፈልገው መርህ ከምክንያቱ ተነሥቶ ውሳኔው ላይ የሚያርፍ ነው። እዚህ ላይ እያንዳንዱን ምርጫ ከጅራቱ እንድትጀምሩ እመክራለሁ። መርሁ የሚያርፍበት ግሥ ከውሳኔው ግሥ ጋር ካልገጠመ መነሻው ምንም ቢያምር አይረዳንም። «ለ»ን ብንወስድ የሚያርፈው ባለዕዳው ላይ ነው፤ ውሳኔው ግን ስለ ዋሱ ነበር። «ሠ» ስለ ዋሱ ቢናገርም የሚያርፈው «የሚመሰገን ነው» በሚለው ላይ ነው፤ የሚያስመሰግን ድርጊት ሁሉ ግዴታ አይደለምና ውሳኔውን አይሸከምም። «ሐ» የሚያርፈው «አይገባውም» ላይ ስለሆነ የውሳኔው ተቃራኒ ነው። በዚህ መንገድ ሦስቱን ያለ ብዙ ድካም ጣልናቸው።

የቀሩት «ሀ» እና «መ» ናቸው፤ ብዙ ተፈታኝ የሚወድቀውም «ሀ» ላይ ነው፤ ቃላቱ ሁሉ ከታሪኩ የተወሰዱ ስለሆኑ ዓይን ይስባል። «ብቻ» የምትለዋ ቃል ግን ነገሩን ገልብጣዋለች። «ሀ» የሚለው ስጋቱን ያላወቀ ሰው እንደማይከፍል ነው፤ ስጋቱን ያወቀ ሰው የግድ እንደሚከፍል አይናገርም። ማወቁ አንዱ መስፈርት ይሁን እንጂ ሌሎች መስፈርቶችም ሊኖሩ ይችላሉ። አሁን «ሀ»ን ከ«ሐ» ጋር አስተያዩት፤ ሁለቱ በቃል እንጂ በትርጉም አይለያዩም። ትክክለኛው መልስ አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ሁለት ምርጫዎች አንድ ዓይነት ነገር መናገራቸውን ያስተዋለ ሰው ሁለቱንም በአንድ ጊዜ መጣል ይችላል።

«መ» ስለ ዕቁብም ሆነ ስለ ገንዘብ ምንም አይልም። ይህ ጀማሪውን ያስፈራዋል፤ «ከታሪኩ ሰፋ አላለም ወይ?» ብሎ ይተወዋል። ነገር ግን በዚህ ዓይነት ጥያቄ መርሁ ከጉዳዩ መስፋቱ ጉድለት አይደለም፤ የእኛን ጉዳይ በውስጡ እስካካተተ ድረስ ሌላ ሺህ ጉዳይ ቢያካትት ግድ የለንም። ዋሱ ስጋቱን እያወቀ ኃላፊ ሆኗል፣ አባሉ መክፈል አቅቶታል፤ የመርሁ ሁለት መስፈርቶች ተሟልተዋል፣ የሚያርፈውም «ሊወጣለት ይገባል» ላይ ነው። በሌሎች የአመክንዮ ጥያቄዎች «ሁልጊዜ»፣ «ማንኛውም»፣ «በፍጹም» የሚሉ ጠንካራ ቃላትን እንድንጠረጥር እንመከራለን፤ ደጋፊ መርህ ስንፈልግ ግን እነዚህ ቃላት ወዳጆቻችን ናቸው። ለስላሳው መርህ፣ ለምሳሌ «አንዳንድ ጊዜ ዋስ ሊከፍል ይገባዋል» የሚለው፣ የእኛ ጉዳይ ከ«አንዳንዱ» ውስጥ ይሁን አይሁን ስለማይነግረን ብዙም አይረዳም።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ጥያቄው «ይህ ታሪክ የሚያሳየው የትኛውን መርህ ነው?» ሲል ነው። እዚያ ላይ መርሁ ታሪኩን እንዲደግፍ አልተጠየቀም፤ ታሪኩ የመርሁ ምሳሌ ነው። አንድ ጊዜ የሆነ ነገር «ሁልጊዜ» የሚለውን ስለማያሳይ፣ በዚያኛው ዓይነት ለስላሳው ቃል ብዙ ጊዜ ይሻላል።

«ብቻ» እና «በስተቀር»

የአማርኛ ተናጋሪ በዚህ ቦታ አንድ ጥቅምና አንድ ችግር አለው። በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጹ መጨረሻ ላይ ስለሚቀመጥ «ከሆነ» የሚለው መስፈርት እንደ ወትሮው ቀድሞ ይመጣል፣ ፍርዱ ይከተላል፤ መነሻውና ማረፊያው በየቦታቸው ናቸው። እንግሊዝኛው ግን ፍርዱን አስቀድሞ መስፈርቱን ከኋላ ማንጠልጠል ይወዳል። ስለዚህ «ኢፍ» ከሚለው ቃል በኋላ ያለው፣ በዓረፍተ ነገሩ የትም ቦታ ቢቀመጥ፣ መነሻ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። «ኦንሊ ኢፍ» ሲሆን ግን ከኋላው ያለው ማረፊያው ነው፤ ይህም የእኛው «ከሆነ ብቻ ነው» ነው። በአንዲት ተጨማሪ ቃል ምክንያት የመርሁ አቅጣጫ ተገለበጠ ማለት ነው።

«አንለስ» የሚለውን ቃል «ካልሆነ በስተቀር» ብሎ መተርጎም ትክክል ቢሆንም፣ በፈተና ሰዓት «በስተቀር» የምትለዋ ታምታታለች። እኔ የምጠቀምበት ዘዴ «በስተቀር»ን አውጥቶ «ካልሆነ» የሚለውን ብቻ ማስቀረት ነው። ለምሳሌ «ቀጣሪ ካላስታወቀ በስተቀር የሠራተኛውን መልእክት ማንበብ የለበትም» የሚለው «ካላስታወቀ ማንበብ የለበትም» ይሆናል። ቢያስታውቅስ? መርሁ ዝም ይላል። በዕለት ተዕለት ንግግራችን «ካላስታወቀ አያንብብ» ስንባል «ካስታወቀ ያንብብ» ማለት እንደሆነ አድርገን እንሰማለን፤ በገበያና በቤት ውስጥ ይህ ያግባባል፣ በኤልሳት ላይ ግን የተሳሳተ መልስ ያስመርጣል።

መርሁ ተሰጥቶ ጉዳዩ ሲጠየቅ

ከላይ የተጠቀሰውን ደንብ ወስደን «ቀጣሪ አስቀድሞ ካላስታወቀ በስተቀር የሠራተኛውን መልእክት ማንበብ የለበትም» የሚል መርህ ተሰጠን እንበል። ምርጫዎቹን ከማየታችን በፊት አንድ ነገር መወሰን እንችላለን፤ ይህ መርህ «የለበትም» ብሎ ከማውገዝ በቀር ማንንም ነፃ ማውጣት አይችልም። ስለዚህ «ቀጣሪው ማንበቡ ትክክል ነበር» ብሎ የሚጨርስ ምርጫ ሁሉ፣ ታሪኩ ምንም ቢሆን፣ ሊወድቅ ይገባል።

ከምርጫዎቹ አንዱ ሥራ አስኪያጁ በጥር አስታውቆ በመጋቢት እንዳነበበ ይነግረንና ጥፋት አልሠራም ይላል። «ካላስታወቀ» የሚለው መስፈርት ስላልተሟላ መርሁ ስለዚህ ሰው ምንም አይናገርም፤ ይወድቃል። ሌላው፣ ሥራ አስኪያጁ ሳያስታውቅ መልእክት አንብቦ ገንዘብ የሰረቀውን ሠራተኛ ስለደረሰበት ድርጊቱ ተገቢ ነበር ይላል። ይህ መርሁን በቀጥታ ይጻረራል፤ ሌባ መያዙን የምንወድ ሰዎች ግን ልባችን ወደዚያ ይሳባል። ሦስተኛው፣ ሥራ አስኪያጇ ሳታስታውቅ የአንድ ሠራተኛን አጭር መልእክት እንዳነበበች፣ መልእክቱ ስለ ሥራ ብቻ እንደነበረና ማንም እንዳልተጎዳ፣ ሆኖም ማንበብ እንዳልነበረባት ይናገራል። ፍርዱ የከረረ ይመስላል፤ መልሱ ግን እርሱ ነው። ስላልተጎዳ ሰው የተነገረው ሁሉ የተጨመረው ተፈታኙን እንዲያራራ ነው፤ መርሁ ስለ ጉዳት ቃል አልተናገረም።

አንዳንድ መርህ ሁለት መስፈርት በ«እና» አያይዞ ይመጣል። ያን ጊዜ ከምርጫዎቹ ጥቂቶቹ አንዱን መስፈርት ብቻ አሟልተው ይቀርባሉ። ሁለቱን መስፈርቶች በወረቀት ላይ በአንድ በአንድ ቃል ጽፎ በየምርጫው ምልክት ማድረግ ከማስታወስ ይቀላል።

ከታሪክ ወደ ታሪክ

«ድመቷ ወተት እየደፋች ስላስቸገረች አባረርናት፤ በወሩ ጎተራው በአይጥ ተወረረ።» ከዚህ ታሪክ መርሁን ለማውጣት ድመትን፣ ወተትን፣ አይጥን አውጥቶ ባዶውን ቅርጽ ማየት ያስፈልጋል፤ ትንሽ ችግር የሚፈጥርን ነገር ማስወገድ፣ ያ ነገር ይከላከለው የነበረውን ትልቅ ችግር ሊያመጣ ይችላል። ከምርጫዎቹ አንዱ ሌሊት እየጮኸ ስላስቸገረ ለዘመድ ስለተሰጠ ውሻ ቢያወራና ዘመድ በውሻው መደሰቱን ቢነግረን፣ የቤት እንስሳ ስላለበት ብቻ ይስበናል፤ የተከተለ ትልቅ ችግር ግን የለበትም። ሌላው፣ ደንበኞች ስላማረሩ የዕቃ ፍተሻን ያስቀረ መደብር ስርቆት እንደበዛበት ቢናገር፣ ከድመት ጋር የሚያገናኘው ቃል ባይኖርም ቅርጹ አንድ ነው። በዚህ ዓይነት ጥያቄ ርዕሱ ከላይኛው ታሪክ ጋር በጣም የተመሳሰለን ምርጫ በጥርጣሬ ማየት ተገቢ ነው።

ልምምድና ሰዓት

የፈተናው አዘጋጅ ድርጅት ኤልሳክ፣ ሎውሃብ በሚባለው ድረ ገጹ ላይ ቀደም ሲል የተሰጡ ፈተናዎችን ያቀርባል፤ ጥቂቶቹ በነፃ ይገኛሉ፣ አቅም ለሌለው አመልካችም ከክፍያ ነፃ የመሆን ማመልከቻ አለ። የሎጂክ ጨዋታ ስላለበት ብቻ የቆየ መለማመጃ መጽሐፍን የሚጥሉ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ በውስጡ ያሉት የአመክንዮ ክፍሎች ግን ዛሬም ይጠቅማሉ፣ ከሰው በነፃ ከተገኘ ደግሞ የሚናቅ አይደለም።

አንድ ክፍል ሠርታችሁ ስትጨርሱ መልሱን ከማየታችሁ በፊት የመርህ ጥያቄዎቹን ለይታችሁ ለእያንዳንዱ ሦስት መስመር ጻፉ፤ ፍሬ ነገሩ፣ መርሁ፣ ውሳኔው። ከዚያ አራቱ ምርጫዎች ለምን እንደወደቁ በአንድ በአንድ ሐረግ አስፍሩ፤ «ጅራቱ አይገጥምም»፣ «ተገልብጧል»፣ «ስለ ሌላ ሰው ነው» የሚሉት አብዛኛውን ይሸፍናሉ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይህን በአማርኛ መጻፍ ጉዳት የለውም፣ እንዲያውም የመርሁን አቅጣጫ ያጠራል። በሰዓት መለማመድ ስትጀምሩ ግን መተርጎሙን ተዉት፤ በ84 ሰከንድ ውስጥ ሁለት ቋንቋ አይገባም። የግዴታ፣ የፈቃድና የምስጋና ቃላትን ለየብቻ በእንግሊዝኛቸው እንደተቀመጡ መልመድ ይበቃል፤ «ሹድ» ግዴታን፣ «ሜይ» ፈቃድን እንደሚናገር ሳያስቡ መለየት እስኪቻል ድረስ።

ከታሪክ ወደ ታሪክ የሚሄዱት ጥያቄዎች ረጅም ስለሆኑና ከአጭር ጥያቄ እኩል አንድ ነጥብ ብቻ ስለሚይዙ፣ በተራቸው ላይ መሥራት ግዴታ አይደለም። በኮምፒውተሩ ላይ ምልክት አድርጎባቸው ማለፍና በመጨረሻ መመለስ ይቻላል። ስታልፉ ግን አንዱን ምርጫ ነክታችሁ እለፉ፤ ለተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀነስም፣ ባዶ የተተወው ግን ዜሮ መሆኑ የተረጋገጠ ነው።